ከኒሙ እስከ ሮቶው

ገሠሠ የደሊልን ሞት የሰማው እንደ ወቀሳ ሆኖ ነው።

ሰኞ ጠዋት ነበር። እንደ ልማዱ ፎጣውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ፣ ውሃውን በፕላስቲክ ጠርሙስ ይዞ፣ ግራ እግሩን በትንሹ እየጎተተ ወደ ጂሙ ግቢ ገባ። ብረት ሲጋጭ አይሰማም። ሰዎቹ መጥተዋል፤ ግን ቆመው በዝቅታ ያወራሉ። ግቢውን የሚጠብቀውም፣ ሰውን የሚያሠራውም ወዬሳ ቤንቹ ላይ ተቀምጧል። ሌላ ቀን ቢሆን ገና ገሠሠ ከበሩ ሳያልፍ «አካም ቡልተን ጋሽ ገሠሠ» ብሎ እንዴት እንዳደረ ይጠይቀው ነበር። የዚያን ቀን ግን ዝም ብሎ አየውና ዓይኑን ወደ መሬት መለሰ።

«ትናንት አጣንዎት» አለ።

ገሠሠ አርሲ፣ ደራ እንደነበረ ነገረው። እህቱ አበዛሽ ልጇን ድራ፣ ቅዳሜ ማለዳ ሄዶ እሁድ አመሻሽ ላይ መመለሱን አስረዳ። ወዬሳ ራሱን ነቀነቀ፤ በመልሱ የረካ ግን አይመስልም።

«ደራ ቅርብ ነው» አለ። «ለሌላ ሰው ቢሆን ምንም አይደል። አብሮት ብረት ለሚያነሣ ጥንዱ ቀብር ግን ሰው ሰርግ ጥሎ ይመጣል።»

«የማን ቀብር?» አለ ገሠሠ።

ወዬሳ ከቤንቹ ተነሣ። ሲያወሩ የነበሩትም ዞሩ። ወዬሳ ቀረብ ብሎ የገሠሠን ደካማ ክንድ ያዘና ቤንቹ ላይ አስቀመጠው፤ የሆነውንም ነገረው። ደሊል እሁድ ጎህ ሳይቀድ ለሱብሒ ሶላት ተነሥቶ፣ ዉዱእ ሊያደርግ ማንቆርቆሪያውን እንደያዘ ግቢው ውስጥ ወደቀ። ሐኪም ቤት ሲደርሱ በሕይወት አልነበረም። ከዙሁር ሶላት በኋላ ተቀበረ።

ገሠሠ ፎጣውን ከትከሻው አውርዶ አጠፈው። ፈታውና እንደገና አጠፈው።

«ማን ተሸከመው?» አለ በመጨረሻ።

«ሁላችንም፤ ተራ በተራ። ከፊት በኩል የቃሬዛውን አንዱን እጀታ ግን ለርስዎ ብዬ እኔ ያዝኩት። ‹መንገድ ላይ ናቸው፣ ይደርሳሉ› እያልኩ መቃብሩ ድረስ ለሰው አላስነካሁም።» ወዬሳ ቀና ብሎ አየውና፣ «እንዴት ሳይነግሩዎት ቀሩ?» አለ።

ገሠሠ ‹ማን?› ሊለው አፉን ከፍቶ ተወው።

ደሊል የወሎ ሰዎች ልጅ ነው፤ ተወልዶ ያደገው ግን እዚሁ አዳማ ነው። አባቱ ገበያ ውስጥ ጨርቅ ይሸጡ ነበር። እሳቸው ሲሞቱ ትምህርቱን ስምንተኛ ክፍል ላይ ጥሎ አርሲ ነገሌ አጎቱ ዘንድ ሄደ፤ እዚያም እህል በረንዳ ወዛደር ሆነ። በዚያ በረንዳ ብቻውን የሚሠራ ወዛደር አልነበረም። ጠዋት ሲሰለፉ ሁለት ሁለት ሆነው ነው። አንዱ ጆንያውን አንሥቶ ሌላው ጀርባ ላይ ያወጣል፤ በሚቀጥለው ይቀያየራሉ። ጥንዱ የቀረበት ሰው የዚያን ቀን ሥራ የለውም፤ ጥላ ሥር ቁጭ ብሎ የሌሎችን ጆንያ ይቆጥራል። ደሊል አንድ ቀን ጥንዱ ወባ ይዞት ሲቀር፣ በጉልበቱ ተማምኖ ብቻውን ጆንያ አነሣ። ወገቡ ውስጥ አንድ ነገር ሲላቀቅ ተሰማው። ያ የተላቀቀ ነገር ዳግመኛ ወደ ቦታው አልተመለሰም።

ከዚያ የመኪና ረዳት፣ ከዚያ ሾፌር፣ በመጨረሻም የአንድ አሮጌ አይሱዙ ባለቤት ሆነ። ከመቂ ሽንኩርት፣ ከባቱ ቲማቲም እየጫነ ዘመኑን መንገድ ላይ ፈጀው። ወገቡ መሪ አላስይዝ ሲለው መኪናውን ሸጦ ፍራንኮ ሰፈር የመለዋወጫ ሱቅ ከፈተ። ከሱቁ ጀርባ ቆሻሻ የሚደፋበት ባዶ ቦታ ነበር። ያንን ከሰፈሩ ሰው ጋር ጠርጎ፣ ግማሹን ቆርቆሮ አልብሶ ጂም ያደረገው ያኔ ነው። ግድግዳ የለውም፤ ነፋሱ ሲነሣ የአዳማ አቧራ አብሮ ይሠራል። ብረቱም ከሱቅ የተገዛ አይደለም። ያለቀ የፍሬን ድራም፣ የከባድ መኪና ማርሽ፣ ሲሚንቶ የተሞላ የቀለም ቆርቆሮ፣ ጫፍና ጫፉ የተበየደ ቧንቧ ነው።

ሕጉ ግን ከነገሌ የመጣ ነው። በዚያ ግቢ ብቻውን ብረት የሚያነሣ የለም፤ ሁሉም ጥንድ አለው። ጥንዶች አንድ ብረት ያነሣሉ። አንዱ ተንጋሎ ሲገፋ ሌላው ከራስጌው ቆሞ እጁን ከብረቱ ሥር ያደርጋል። ሲቀያየሩ አይጨመርም፣ አይቀነስም። ሆድ ሲሠሩ አንዱ የሌላውን እግር ይይዛል። ጥንዱ የቀረበት ሰው ብረት አይነካም፤ መሐል ግቢ ካለው የኒም ዛፍ ሥር ተቀምጦ ለሌሎች ይቆጥራል። ስለ አንድ ሰው ወሬ የፈለገም የሚጠይቀው ጥንዱን ነው። እገሌ ለምን ቀረ? ጥንዱን ጠይቀው። እገሌ ታሟል የሚባለው እውነት ነው? ጥንዱ ያውቃል። መልእክት ያለውም ለጥንዱ ነግሮ ይሄዳል። ከጊዜ ብዛት፣ የአንዱን ነገር ከጥንዱ ቀድሞ ሌላ ሰው ሊሰማው ይችላል ብሎ የሚያስብ በዚያ ግቢ ጠፋ።

ገሠሠ ወደዚያ የመጣው በልጁ ጉትጎታ ነው። ዕድሜውን በመንግሥት ሥራ ጨርሶ ጡረታ በወጣ በዓመቱ ስትሮክ መታውና ግራ ጎኑ ከዳው። አፉ ተመለሰ፤ እግሩም በከፊል ተመለሰ። ግራ ክንዱ ግን የሌላ ሰው ይመስል ተንጠልጥሎ ቀረ። ሐኪሙ ‹ተንቀሳቀስ፣ አለዚያ ይደርቃል› አለው። እናቷ ከሞተች ወዲህ እሱን የምትጠብቀው ልጁ ሰብለወንጌል እጁን ይዛ አመጣችው። አፍሮ ነበር። መንዝ ተወልዶ፣ ቢሮ ውስጥ በከረባት ሸብቶ፣ ቁምጣ በለበሱ ወጣቶች መካከል መቆም ቀላል አይደለም። ሱሪውን ሳይቀይር፣ ሸሚዙን እስከ አንገቱ ቆልፎ ቆመ።

ጥንድ ሲፈለግለት ‹እኔ ልሁን› ያለ አልተገኘም። ክፋት አልነበረም። የገሠሠ ጥንድ የሚሆን ሰው እሱ የሚያነሣውን ብቻ ሊያነሣ ነው፤ እሱ ደግሞ ባዶውን ቧንቧ እንኳ አይችልም። ወጣቶቹ እርስ በርስ ተያዩ። ያን ጊዜ ደሊል ከወዬሳ ጋር ነበር የሚሠራው፤ ወገቡ በስፖርቱ ከጠና ወዲህ ከባዱን ብረት የሚያነሡትም ሁለቱ ነበሩ። ደሊል የያዘውን ድራም መሬት ላይ አስቀመጠ፤ እጁንም በሱሪው ጠረገ።

«እኔ ጥንድ የለኝም» አለ።

ወዬሳ ሳቀ። «እኔስ?»

«አንተማ ከዛሬ ጀምሮ ወንደላጤ ነህ። ሂድና ፈልግ።»

በር የሚሞላ ትከሻ ያለው ሰው ከዚያ ቀን ጀምሮ ባዶ ቧንቧ አነሣ። ወጣቶቹ ይቀልዱበት ነበር። ማርቲ የምትባል ፀጉር ቤት ያላት ምላሰኛ ልጅ፣ «ጋሽ ደሊል፣ እሱም ከከበደዎት የልብስ ማስጫ ገመዱን ላምጣልዎት?» ትለዋለች። እሱም ቧንቧውን ከደረቱ ሳያወርድ፣ «ያንቺን ምላስ አምጪው፤ ከዚህ ግቢ ከሱ የሚከብድ የለም» ይላታል።

ለገሠሠ ሲቆጥርለት በኦሮምኛ ነበር። ቶኮ፣ ለማ፣ ሰዲ ይልና፣ የገሠሠ ክንድ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ሁለት ቁጥር ዘሎ ይጨርስለታል። ገሠሠ ተንጋሎ እያለከለከም ቢሆን ቁጥር አይጠፋበትም።

«ከሰዲ በኋላ አፉር ነው» ይለዋል።

«ነገሌ እንዲህ ነው የሚቆጠረው።»

«የነገሌ ገበሬ ጆንያው እንዲህ መቆጠሩን አልሰማም ማለት ነው።»

«ቢሰማማ መች ወዛደር ያደርገኝ ነበር።»

አንድ ቀን አብረው ወደ ቤት ሲሄዱ ገሠሠ ሌላ ጥንድ እንዲይዝ ለመነው። ጉልበትህ በኔ ምክንያት ሊሞት ነው አለው። ደሊል ያልሰማ መስሎ ስለ ሙቀቱ ሲያወራ ቆየ። የገሠሠ በር ጋ ሲደርሱ ብቻ፣ «አንተ ትከሻህን ጠብቅ። የኔን እኔ አውቃለሁ» አለ። ‹አንተ› ማለት የጀመረው ያን ቀን ነው። ‹ጋሽ› ማለቱን ግን እስከ መጨረሻው አልተወም።

የገሠሠ ክንድ ቀስ በቀስ ነፍስ ዘራ። ባዶው ቧንቧ ላይ ትንሿ ቆርቆሮ ተጨመረች። የዚያን ቀን ገሠሠ ምክንያቱን ሳይናገር ለሰብለወንጌል ኬክ ገዝቶ ገባ።

ቅዳሜ የሸክም ቀን ነው። ብረት አይነሣም። ሁሉም ጥንዱን አዝሎ ከግቢው በር ይነሣና ኒሙን አልፎ ዳር ላይ ካለው የውሃ ማጠራቀሚያ ሮቶ ይደርሳል፤ ሮቶውን በመዳፉ መታ አድርጎ ጥንዱን ያወርዳል። ሲመለሱ የታዘለው በተራው ያዝላል። ደሊል ገሠሠን አዝሎ ሮቶውን ይመታል፤ ሲመለሱ ግን ሁለቱም ጎን ለጎን በእግራቸው ይሄዳሉ። በዚህ የሚስቅ አልነበረም። ለገሠሠ ያ ከሳቅ ይብስበት ነበር። ከስድሳ ያለፈ ሰው እንደ ሕፃን ታዝሎ ይሄድና ባዶ ጀርባውን ይመለሳል።

ስለዚህ አንድ ነገር ቆረጠ። ደሊልን አዝሎ፣ አንድ ቀን፣ አንድ ጊዜ ብቻ ሮቶውን ይመታል። ከዚያ ወዲያ የፈለገው ይምጣ። ይህን ለማንም አልተናገረም፤ ለደሊል ብቻ ነገረው። ደሊል አልሳቀም። «መቼ እንጀምር?» አለ።

መጀመሪያ ቀን ደሊል ጀርባው ላይ ሲወጣ ቆሞ መቆየት ብቻ ቻለ። ወዬሳ ከኋላ ሆኖ እጁን ዘርግቶ ይጠብቃቸው ነበር። በኋላ ጥቂት ተራመደ። ክረምት ገብቶ ሲወጣ ኒሙ ጋ ደረሰ። ከዚያ ግን አላልፍ አለው። ኒሙ ጋ ሲደርስ ግራ ጉልበቱ ይርዳል፤ እጁን ግንዱ ላይ ያሳርፋል፤ ደሊልም ሳይነገረው ይወርዳል።

«ይቺን ዛፍ ልታገባት ነው እንዴ?» ይለዋል። «በመጣህ ቁጥር ታቅፋታለህ።»

«አንተ እራት ብትቀንስ እስካሁን ፈትቻት ነበር።»

«እሱን ለሱሃይላ ንገራት። የምታበላኝ እሷ ናት።»

ሱሃይላ የደሊል ሚስት ናት። ገሠሠ እቤታቸው ገብቶ ወጪ ነበር። የእስላምና የክርስቲያን ሥጋ እንዳይቸግረው ብላ፣ እሱ በሚመጣበት ቀን የባቱ ዓሣ ትጠብስለታለች። «የተጋባው ከኔ ጋር፣ የሚኖረው ከርስዎ ጋር» እያለች ትስቅበታለች። ደሊል ቤት ሲገባ የመጀመሪያ ወሬው ገሠሠ ዛሬ የት ድረስ እንደሄደ ነበር። እሷም ኒሙንና ሮቶውን ሳታያቸው ታውቃቸዋለች።

አርብ ዕለት ከጂም ሲወጡ ገሠሠ ነገ ደራ እንደሚሄድ ነገረው። ደሊል «እንግዲያው ነገ ቆጣሪ ነኝ» አለ። ገሠሠም ለመጪው ቅዳሜ ሮቶውን ሳይመታ እንደማይመለስ ቃል ገባ።

«ሰርግ ቤት ሄደህ ሥጋ ጭነህ ልትመጣ ነዋ» አለ ደሊል። «ለጉልበትህ ብላ። ለሆድህ አትብላ።»

ሲለያዩ እንደ ሁልጊዜው ደካማውን ክንዱን መታ አደረገው። ገሠሠ ከዚያ በኋላ አላየውም።

ሰኞ ከሰዓት፣ ልብሱን ቀይሮ በባጃጅ ወደ ለቅሶው ሄደ። ሰብለወንጌል አብሬህ ልሂድ ብትለው እንቢ አለ። ድንኳኑ ደጅ ላይ ተጥሏል። ሰዉ ብዙ ነው። ሲገባ የሚያውቁት ቦታ ለቀቁለት፤ ግን እንደ ቅርብ ሐዘንተኛ ‹አይዞህ› ያለው የለም። ትናንት ያልነበረ የቅርብ ሰው ዛሬ ሲመጣ የሚታይበት አስተያየት አለ። ገሠሠ ራሱ በዘመኑ ሌሎችን እንደዚያ አይቶ ያውቃል።

ሱሃይላ ውስጥ ከሴቶቹ ጋር ነበረች። ገብቶ በሩ አጠገብ ቆመና አላህ ሶብሩን ይስጥሽ አላት። ቀና ብላ አየችው። ዓይኗ ደርቋል።

«መጡ?» አለችው።

ገሠሠ አንድ እርምጃ ቀረበ።

«ልጄን ከሰው ሁሉ አስቀድሜ ወደርስዎ ነው ያስደወልኩት» አለች። ድምፅዋን አላነሣችም። «ለወንድሞቹ እንኳ ሳይደወል፣ መጀመሪያ ለጋሽ ገሠሠ ንገር አልኩት። ‹ነግሬያቸዋለሁ› አለኝ። ጀናዛው እስኪወጣ በሩን በሩን አይ ነበር።»

ልጇ ኡበይደላ ከገሠሠ ኋላ ነበር፤ ለሴቶቹ ውሃ በጆግ ይዞ እየገባ። ሃያዎቹን ያጋመሰ፣ ያባቱን ትከሻ የወረሰ ልጅ ነው። ሌላ ልጅ የላቸውም። ገሠሠ ዞር ብሎ ሲያየው፣ ኡበይደላ ጆጉን እንደያዘ ደርቆ ቀረ። የገሠሠ ስልክ እሁድ ቀኑን ሙሉ ኪሱ ውስጥ ነበር፤ የደወለለት አንድም ሰው የለም። የልጁን ፊት ማየት በቃው።

«ነግሮዎታል አይደል?» አለች ሱሃይላ።

ሴቶቹ ሁሉ ያዩታል። ይህች ሴት ባሏን የቀበረችው ትናንት ነው። ዛሬ ደግሞ በለቅስተኛ ፊት፣ የቀረሽ ልጅ ዋሽቶሻል ሊላት ነው?

«ነግሮኛል» አለ ገሠሠ።

«እና?»

«አልሆነልኝም።»

ሱሃይላ ሻርፗን ወደ ግንባሯ ሳበች። «እሱ እርስዎን አዝሎ ስንት ቅዳሜ ሄደ» አለች።

ኡበይደላ ተከትሎት ወጥቶ ከድንኳኑ ጀርባ ደረሰበት። እሁድ ጠዋት ስልኩን ይዞ ሊደውል ሲል ወዬሳ ከጂም ሰዎች ጋር እንደ ደረሰ ነገረው። ‹ለጋሽ ገሠሠ ልደውል ነው› ቢለው፣ ወዬሳ ‹ለሳቸውማ ማን ይነግራል፤ ከኛ ቀድመው ያውቃሉ› አለው። እውነት መሰለው። ጀናዛ አጣቢ መፈለግ ነበር፣ ከፈን ነበር፣ መኪና ነበር። እናቱ ደጋግማ ስትጠይቀው ነገሩን ለማሳጠር ‹ነግሬያቸዋለሁ› አላት። ይህን ሁሉ ሲናገር ዓይኑን ከጫማው አላነሣም።

«አሁን ገብቼ እነግራታለሁ» አለ።

ገሠሠ ክንዱን ያዘው። «ዛሬ አይሆንም። ሰው ሲበተን ትነግራታለህ።»

«እርስዎስ?»

«እኔ እቆያለሁ።»

ይህን ሲል ጥቂት ቀን የሚቆይ መስሎት ነበር።

በማግሥቱ ወዬሳ መቃብሩን አሳየው። ከተማው ዳር ላይ ነው፤ ነፋሱ አፈሩን ማድረቅ ጀምሯል። ገሠሠ ቀብሩ ራስጌ ቆሞ ቆየ። ወዬሳ አጠገቡ ሆኖ፣ እሱ ‹ያውቃሉ› በማለቱ ሳይደወል መቅረቱን ከኡበይደላ ሰምቷልና፣ ይቅርታ ሊጠይቅ ጀምሮ ቃሉ አልገጥም አለው። ገሠሠ የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የሱን እጀታ ይዞ ከየት ተነሥቶ የት ድረስ እንደሄደ። ወዬሳ ከመስጊዱ እስከዚህ ድረስ አለው። ገሠሠ ወደ መስጊዱ አቅጣጫ አየ። ረጅም መንገድ ነው። አልችለውም ነበር ይሆናል አለ በሆዱ። ቢሆንም ጥቂቷን መንገድ እይዝለት ነበር።

ድንኳኑ ፈረሰ። ኡበይደላ ለእናቱ አልነገራትም። መጀመሪያ ሐዘኗ ገና ነው አለ። ከዚያ ደም ግፊቷ ተነሣባት። ከዚያ የሱቁ ጉዳይ ነበር። በኋላም የጭነት መኪና ይዞ በሻሸመኔ መሥመር መሥራት ጀመረና ቤት የሚገባው አንዳንዴ ሆነ። ገሠሠ ሲደውልለት «እሺ ጋሼ፣ ስመጣ» ይላል። ሲመጣ አይናገርም። ክፉ ልጅ አይደለም። ያለፈች አንዲት ቃል በቀን ብዛት አፍ ውስጥ እየከበደች ትሄዳለች፤ ይኸው ነው።

ሰብለወንጌል ተናደደች። ባልሠራኸው ስትወቀስ ዝም የምትለው ለምንድን ነው፣ እኔ ሄጄ እነግራታለሁ አለች። ተይ አላት። ወዬሳም ሄጄ ልንገራት አለ። እሱንም ከለከለው፤ የወዬሳ ኑዛዜ ቢዞር ቢዞር ተመልሶ ልጁ ላይ ነው የሚያርፈው።

ራሱ ሊነግራት አስቦ ደጋግሞ ሄዷል። በሩን ትከፍትለታለች፤ ይቀመጡ ትላለች። ሻይ ታቀርባለች። ስለ ሰብለወንጌል ጤንነት፣ ስለ ክንዱ ትጠይቀዋለች። ስለ ደሊል አታነሣም፤ ዓሣም አትጠብስም። አንድ ጊዜ ንግግሩን ጀምሮ ነበር። «ያን ቀን ኡበይደላ…» አለ። ቀና ብላ ስታየው ቀጥሎ የምትጠይቀው ታየው። ታዲያ ያን ቀን ነግሮኛል ያሉኝ ምን ነበር? ብትለው፣ ቤቱ ውስጥ ዋሾው ሁለት ሊሆን ነው።

«ኡበይደላ ምን?» አለች።

«ያን ቀን ደክሞት ነበር» አለ ገሠሠ። «አይዞህ በዪው።»

ሻዩን ጠጥቶ ወጣ።

ወደ ጂሙ ግን ይሄዳል፤ ልጁ አትተወውም። በዚያ ግቢ አሁን አንድ ነገር ተለውጧል፤ ሰው ሲታመም ከጥንዱ ጀምረው ነው የሚደውሉት። ወዬሳ አዲስ ጥንድ ሊሰጠው ሞክሯል። አብዱናሲር የሚባል ባጃጅ የሚነዳ ቀጭን ልጅ ራሱ ፈልጎ መጣ። ጨዋ ነው፣ ቁጥር አያጭበረብርም።

«ቅዳሜ እሱን አዝለው ሮቶውን ይምቱና ይገላገሉ» አለው ወዬሳ። «የጋሽ ደሊልን ግማሽ አይመዝንም። ቀላል ነው።»

«እሱን አውቃለሁ» አለ ገሠሠ። «ቀላል ነው።»

አብዱናሲርም ከወዬሳ ጋር ተጣመረ።

ሕጉ ሕግ ነውና ገሠሠ ብረት አይነካም። ኒሙ ሥር በርጩማ ላይ ተቀምጦ ለሌሎች ይቆጥራል። አዲስ የመጣ ደካማ ሰው ክንዱ ሲንቀጠቀጥ ካየ ሁለት ቁጥር ይዘልለታል። ማርቲ «ጋሽ ገሠሠ፣ ከሰዲ በኋላ አፉር አልነበር?» ትለዋለች። እሱ ይቀጥላል። የግራ ክንዱ ጣቶች እንደገና እየደረቁ መታጠፍ ጀምረዋል። ሐኪሙም ሰብለወንጌልም ስለዚህ ነገር ተናግረውታል።

ቅዳሜ ሲሆን ጥንዶቹ ተዛዝለው በአጠገቡ ያልፋሉ። ሮቶው ሲመታ ድምፁ ይሰማዋል፤ ውሃው ሲጎድል ጮክ ይላል፣ ሲሞላ ድፍን ይላል።

ደሊል ካለፈ ክረምቱ አልፎ በጋ ገብቷል። ኡበይደላ ለእናቱ አልነገራትም። ገሠሠም አልነገራትም። ከኒሙ እስከ ሮቶው ያለውም አልተሄደም።